ገናን አገር ቤት ለመዋል፤ ከመናኸሪያ እስከ ሰቆጣ

የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን ስለ ጉዞው የምናስበው በዓሉ ሦስትና አራት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ መናኸሪያው በሰው ይጥለቀለቃል፤ ትኬት ይጠፋል፤ ታሪፉ ተረስቶ እንደ ተጓዡ ችግር መጠን ገንዘብ ይጠየቃል፤ ልጅ ያዘለች እናት ከጎረምሶች ጋር ተጋፍታ ከበሩ ብትደርስም ወንበር አታገኝም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለወጥ ቤት ብቻ የተነገረ አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ በዛሬው ዝግጅታችን ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ ለሚጓዙ እናቶችና ሠራተኞች የሚጠቅም ምክር እናቀርባለን። ወደ ሌላ አገር የሚሄዱም ቢያነቡት አይጎዱበትም። ሰቆጣን የመረጥንበት ምክንያት ግን አለን። መንገዱ ረጅም ነው፤ መኪና የሚቀየርበት ቦታ አለ፤ ብርዱና ሙቀቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈራረቃል። ከዚህም ሁሉ በላይ ባለፉት ዓመታት በደረሰው ጦርነትና ግጭት ምክንያት ብዙ የዋግ ልጆች እናታቸውን ሳያዩ፣ አያቶችም የልጅ ልጃቸውን ሳይስሙ በዓል አሳልፈዋል። መሄድ የሚችል ሰው ቢሄድ የሚገባው ነው። አካሄዱ ግን የታሰበበት ይሁን።

ሰቆጣ ለምን ራቀች?

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ድሮ ግን ከንግድ መንገድ የራቀች ከተማ አልነበረችም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ እርስዋ ነበረች። ነጋዴው በዚያ ያድራል፤ ጭነቱን ይሸጣል ወይም ይለውጣል፤ ከብቱን አሳርፎ ጉዞውን ይቀጥላል።

የመኪና መንገድ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የተዘረጋው ዋና መንገድ በወልድያ፣ በአላማጣና በኮረም አልፎ ሰቆጣን በስተምዕራብ ትቷት ሄደ። ስለዚህ የሰቆጣ ተጓዥ እስከ ዛሬ ድረስ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ተራራ ማቋረጥ አለበት።

ይህን የምናነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። በዋናው መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ ቢያመልጥዎ ሌላ ሊመጣ ይችላል። ከተገነጠሉ በኋላ ግን ያመለጠው መኪና የቀኑ መጨረሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከነልጆችዎ በማያውቁት ከተማ ያድራሉ ማለት ነው። የጉዞው ዝግጅት ሁሉ ይህን ከማሰብ ይጀምር።

መንገዱን አስቀድመው ይምረጡ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ ወልድያ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከወልድያ በኋላ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንደኛው በቆቦና በአላማጣ አልፎ የግራካሱን ዳገት ወጥቶ ኮረም ይደርስና ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሰቆጣ ይገባል። ሁለተኛው በጋሸና ዞሮ ላሊበላ ይደርስና በብልባላ አድርጎ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ደግሞ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ጋሸና ላይ ከዚሁ መንገድ ጋር ይገናኛል።

በገና ሰሞን የላሊበላው መንገድ ከሌላው ጊዜ የተለየ ጠባይ አለው። በላሊበላ ገና ከንጉሥ ላሊበላ የልደት በዓል ጋር አብሮ ይከበራል። የበዓሉ ዕለት በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ ከላይ ከዐለቱ ጫፍ፣ ከታችም ከግቢው ሆነው በሚያሸበሽቡት «ቤዛ ኵሉ» ለመገኘት ከአራቱም ማዕዘን ምእመናን ይጎርፋሉ። ከላስታና ከዋግ ቀበሌዎች በእግራቸው ለቀናት ተጉዘው የሚመጡም ብዙዎች ናቸው። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የሚመጣውም እንግዳ ሲጨመር ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና ሁሉ ይሞላል፤ ማደሪያም ይወደዳል። ስለዚህ ሐሳብዎ በዓሉን ሰቆጣ መዋል ከሆነና በላሊበላ በኩል የሚያልፉ ከሆነ፣ ከዋዜማው ብዙ ቀደም ብለው ይለፉ። ላሊበላ ላይ ማደር ግድ ከሆነብዎ መኝታውን በስልክ ሳይዙ አይነሡ።

የትኛው መንገድ እንደሚሻል ከሩቅ ሆኖ መወሰን ግን አይቻልም። በሰሜኑ አገራችን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ሰቆጣና አካባቢዋ ተጎድተዋል፤ መንገዱም ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም የሕዝብ ማመላለሻ በየጊዜው የቆመባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ባለው ሳምንት፣ እንደገናም በዋዜማው፣ ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ የመናኸሪያውን ሠራተኛ፣ በቅርቡ ያንን መንገድ የሄደ ሹፌር ወይም ተጓዥ፣ እንዲሁም በሰቆጣ ያለ ዘመድዎን። የሦስቱ ቃል ካልተስማማ ይቆዩ።

ቀኑን በጣት ቆጥረው ይነሡ

ገና የሕዝብ በዓል የሚሆነው ለአንድ ቀን ነው። የሰቆጣ ጉዞ ግን ሲሄዱ ሁለት፣ ሲመለሱ ሁለት ቀን ይፈልጋል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፤ ሲመሽም ተሳፋሪው ወርዶ ያድራል። እንግዲህ ታኅሣሥ 26 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወልድያ ቢያድሩ 27 ሰቆጣ ይገባሉ። በ28 ልጆቹ ያርፋሉ፤ እርስዎም እናትዎን በሥራ ያግዛሉ። 29 በዓል ነው። 30 ዘመድ ይጠይቃሉ። ጥር 1 ቀን ተነሥተው ጥር 2 ቤትዎ ይገባሉ። በጠቅላላው 7 ቀን መሆኑ ነው። ከዚህ ያነሰ ቀን ካለዎት ጉዞው ዕረፍት መሆኑ ቀርቶ ድካም ይሆንብዎታል።

ይህን ቀን ከየት ላገኘው ነው የሚሉ ሠራተኛ እናቶች ይኖራሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመርለታል። ችግሩ ፈቃዱ የለም ሳይሆን ሁሉም በታኅሣሥ መጨረሻ መጠየቁ ነው። የፈቃድ ጥያቄዎን በኅዳር ወር፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ፣ በጽሑፍ ያቅርቡ። የሥራ ጓደኛዎ ገናን ከሄደች እርስዎ ጥምቀትን እንዲሄዱ መደራደርም ጥሩ ዘዴ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ስለሚውል ከገና 12 ቀን በኋላ ነው። ወላጆች የሚናፍቁት ልጃቸውን እንጂ ቀኑን አይደለም።

ይህ የበዓል ግርግር የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። በቻይና ለዘመን መለወጫቸው 40 ቀን ያህል የሚቆይ የጉዞ ወቅት አለ። በየከተማው የሚሠራው ሕዝብ ወደ ትውልድ ቀበሌው ስለሚመለስ ተጨማሪ ባቡር ይመደባል፤ ትኬትም ከቀናት በፊት ይሸጣል። ከዚህ የምንማረው ቢኖር ጭንቅንቁን የሚያቀለው የመኪና ብዛት ብቻ ሳይሆን ተጓዡ ቀኑን መከፋፈሉ መሆኑን ነው።

ትኬትና ገንዘብ

በአዲስ አበባ የአገር አቋራጭ መኪና መነሻ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። መርካቶ አውቶቡስ ተራ አለ፤ ላምበረት አለ፤ አንዳንድ የግል ማመላለሻዎችም የራሳቸው መነሻ አላቸው። «አውቶቡስ ተራ ሄጄ አገኘዋለሁ» ብለው በሌሊት ከነልጅ ከመንከራተት፣ አንድ ቀን አስቀድመው ብቻዎን ሄደው መነሻውን፣ ሰዓቱንና ታሪፉን ይጠይቁ። ትኬቱን በመስኮቱ ይግዙ፤ መንገድ ላይ ጠብቆ «እኔ ላስገባዎ» ከሚል ሰው አይግዙ። በትኬቱ ላይ የሠሌዳ ቁጥር፣ የወንበር ቁጥርና የተከፈለው ገንዘብ መጻፉን ይመልከቱ። ከታሪፉ በላይ ከተጠየቁም ትኬቱን ይዘው ለመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ያመልክቱ። ዝም ያለች እናት ለሚቀጥለው ዓመት ተጓዥም ዋጋ ጨምራለች ማለት ነው።

ገንዘብዎን በሦስት ይክፈሉት። ለመሄጃ፣ ለመመለሻና ለበዓል። የመመለሻውን ከሌላው ለይተው በቴሌብር ወይም በባንክ ያስቀምጡት፤ አገር ቤት ሲገቡ የሚያዩት ችግር ልብዎን አራርቶ ያንኑ ሊያስወጣዎ ይችላልና። በእጅ የሚይዙትን ደግሞ በአንድ ቦርሳ አያኑሩት። ለዕለቱ የሚበቃው በኪስ ይሁን፤ የቀረው ከልብስ ውስጥ ይሰፋ። ሌባ አያያዙን አይቶ ጭብጦውን እንደሚቀማ የታወቀ ነው።

ስንቅና ልብስ

ጉዞው በጾም ላይ ስለሚውል በየከተማው የሚያገኙት ምግብ የጾም ነው። ለእርስዎ ይበቃ ይሆናል። ለማይጾሙት ሕፃናት ግን ስንቅ ያስፈልጋል። ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድፎ ዳቦ ቶሎ አይበላሹም፤ አያቅለሸልሹምም። ወጥ፣ በተለይ ዘይት የበዛበት፣ ሙቀት ቦታ ሲደርስ ይሻግታል። ብርቱካንና ሙዝ ልጣጭ ስላላቸው ለመንገድ ይመቻሉ። ውኃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይያዙ።

ለሚጠባ ሕፃን ከእናት ጡት የተሻለ የመንገድ ስንቅ የለም። በጡጦ የተያዘ ወተት በአላማጣ ሙቀት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በሽታ ይሆናል። በሰው ፊት ማጥባት የሚያሳፍራት እናት ነጠላዋን ትከናነብ እንጂ ልጇን አታስርብ። ልጁ ተቅማጥ ከጀመረው ከጤና ድርጅት ወይም ከመድኃኒት ቤት አስቀድመው የገዙትን ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ያጠጡት። እርሱ ባይኖር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ የተላጨ፣ ማዋሐድ ይቻላል። ጡቱንም አያቋርጡበት።

ልብስን በተመለከተ የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ ማወቅ ይጠቅማል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በታኅሣሥ ማለዳ በዚያ ውርጭ ይጋግራል። ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ያህል ስለሆነች ልጆቹ ያልባቸዋል። ደሴ ሲደርሱ እንደገና ይበርዳል። ማግሥቱን አላማጣ ይሞቃል፤ ኮረም ይበርዳል፤ ሰቆጣም ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከማልበስ ይልቅ ቀጫጭን ልብስ ደራርበው ቢያለብሱ፣ እንደ ቦታው አንዱን ማውለቅና መጨመር ይችላሉ። ካልሲ፣ ኮፍያና ጋቢ ከላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግቡ፤ በእጅ ይያዙ።

በአውቶቡሱ ውስጥ

ሕፃን ይዘው በር አጠገብም ሆነ ከሹፌሩ ጎን በሞተሩ ላይ አይቀመጡ። መኪናው በድንገት ቢቆም መጀመሪያ የሚወድቀው የታቀፉት ልጅ ነው። ከተቻለ ከመሐል ወደ ፊት ባለው ረድፍ ይቀመጡ፤ መንገጫገጩም እዚያ ይቀንሳል። በመተላለፊያው በርጩማ ደርድሮ ትርፍ ሰው የሚጭን መኪና ካዩ ለተቀመጠው ሰውም አደጋ ነውና ዝም አይበሉ። አንድ ሰው ሲናገር ረዳቱ ይቆጣል፤ አምስት እናቶች ሲናገሩ ግን ይሰማል።

የመስኮት ጭቅጭቅ በየአውቶቡሱ አለ። አንዱ «ክፈቱልን»፣ ሌላዋ «ንፋስ ልጄን ይመታብኛል» ይላሉ። እርግጥ ለሕፃን የብርድ ንፋስ በቀጥታ አይመከርም። ይሁን እንጂ 50 ሰው በታጨቀበት መኪና ውስጥ የተዘጋ አየር የሳንባ ነቀርሳንና ሌላውንም በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ያዛምታል፤ የሚያስመልሳቸውንም ያብሳል። መፍትሔው የልጁን ጆሮና ደረት ሸፍኖ ሁለት ሦስት መስኮት ጥቂት ጥቂት ከፍቶ መሄድ ነው።

የጣርማ በር ቁልቁለት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛና የግራካሱ ዳገት ብዙ ሰው ያስመልሳሉ። ልጅዎን ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ደረቅ ነገር ያብሉት እንጂ ባዶ ሆዱንም ጠግቦም አይሳፈር። ሩቅ እንዲመለከት ያድርጉት፤ ስልክ አይስጡት። ሎሚ ማሽተት የሚያቀልላቸው አሉ። ፌስታል በእጅ ይኑር። የማስታወክ መድኃኒት ግን ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ለሕፃን አይስጡ።

ሴቶች በአፍ የማይናገሩት አንድ ችግር ደግሞ አለ። አውቶቡሱ ሜዳ ላይ ቆሞ ወንዶቹ ወርደው ሲመለሱ ሴቶቹ እንደተቀመጡ ይቀራሉ፤ ይህን በመፍራትም ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። ይህ ለኩላሊትም ለፊኛም ጠንቅ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ የባሰ ነው። ከመነሻው ረዳቱን ጠርተው «መጸዳጃ ቤት ባለበት ሆቴል አቁሙልን» ብለው ይንገሩት። ሰፊ ቀሚስ ይልበሱ፤ ነጠላ ይያዙ፤ ለወር አበባም የሚያስፈልግዎትን በእጅ ቦርሳ ያኑሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው እግርዎን ያፍታቱ፤ የክትትል ካርድዎን ይያዙ። የመውለጃ ወርዎ ከገባ ግን ይህ ጉዞ ለእርስዎ አይሆንምና ሌላ ዓመት ይሂዱ።

ከሰቆጣ ወዲያ

ለብዙዎች ሰቆጣ የመጨረሻ ጣቢያ አይደለችም። ወደ ደሃና፣ ወደ ጋዝጊብላ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሳህላና ወደ አበርገሌ የሚቀጥል አለ። በየወረዳው ከተማ መኪና ቢገኝ እንኳ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ወይም በእግር ነው። ከከተማ ያደገ ልጅ የዋግን ተራራ በአንድ ጊዜ አይለምደውም። ስለዚህ የደረሱበት ቀን ሰቆጣ አድረው በማግሥቱ ማለዳ ይቀጥሉ። ዘመድ በቅሎ ይዞ እንዲቀበልዎ በስልክ ቀጠሮ ይያዙ፤ ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ከሆነ መልእክቱን በገበያ ቀን ከሚመጣ ሰው ጋር ይላኩ። በእህል ጭነት ላይ ሰው የሚያሳፍር አይሱዙ «ቶሎ ያደርሳል» ቢባልም ልጅ ይዘው አይውጡበት። ጭነቱ ሲንሸራተት የሚይዙት ነገር የለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እንፈልጋለን። እርስዎ በዓመት አንድ ጊዜ የሚቸገሩበት መንገድ ለዋግ እናት የዘወትር መንገድዋ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ መኪና ወደሚገኝበት የምትወጣው፣ ከዚያም ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የምትሄደው በዚያው ነው። በጉዞዎ ላይ የታመመች ወይም አራስ ሴት ቆማ ካዩ ወንበርዎን ይልቀቁላት፤ ጎረምሶቹንም እንዲነሡ ይጠይቁ።

ምን ይዘው ይሂዱ?

ከከተማ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። ብዙ ጊዜ የምንሸከመው ግን ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ነው። የሰቆጣ ስም ከሕፃናት ምግብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙዎች ሰምተዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ያወጀው ዕቅድ ዓላማው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2030 ማጥፋት ነው። ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያለው 1,000 ቀን ለልጅ አካልና አእምሮ ወሳኝ መሆኑን የጤና ባለሙያዎች ያስተምራሉ። እንግዲህ ለእኅትዎ ሕፃን ከረሜላ ከሚወስዱ ምስር፣ አተር፣ ለውዝና አዮዲን ያለው ጨው ቢወስዱ፣ ለእናቲቱም እዚያው ሰቆጣ ገበያ ዕንቁላል ቢገዙላት ስጦታዎ ከበዓሉ በኋላም ይቆያል። ሲመለሱም የዋግ ማር ይዘው ይምጡ። ማሩ እንዳይፈስ ክዳኑን በሰም ያሽጉት።

ለቤት ሠራተኛዎ

ከዋግና ከአካባቢው መጥተው በወልድያ፣ በደሴና በአዲስ አበባ በሰው ቤት የሚሠሩ ወጣት ሴቶች አሉ። እርስዎ አገርዎን ሲናፍቁ እነርሱም ይናፍቃሉ። ቀደም ብለን የጠቀስነው አዋጅ የቤት ሠራተኞችን አያካትትምና፣ የእርሷ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በአሠሪዋ ኅሊና ነው።

ልትሄድ ከፈለገች ደመወዟን ከበዓሉ ሳምንት በፊት ይክፈሏት፤ የመሳፈሪያውንም ይርዷት። ወደ መናኸሪያው በሌሊት ብቻዋን አትሂድ። ራስዎ ወይም ባለቤትዎ ሸኝታችሁ፣ ወንበሯን አይታችሁ፣ የመኪናውን ሠሌዳ ጽፋችሁ ተመለሱ። የወላጆቿን ስልክ ይያዙ፤ የእርስዎንም በወረቀት ጽፈው ይስጧት፤ ስልኳ ቢሰረቅ ወረቀቱ ይቀራል። መናኸሪያ ላይ «ሥራ አለልሽ፣ ማደሪያ አለልሽ» እያለ የሚቀርባት ደላላ እንዳለ ያስጠንቅቋት። ወልድያ ላይ ማደር ካለባት ከአንዲት እናት ተሳፋሪ ጋር አስተዋውቀው፣ «አደራ» ብለው ይላኳት። አደራ በአገራችን ከባድ ቃል ነው።

መሄድ የማይቻል ሲሆን

ይህን ሁሉ ተዘጋጅተው መንገዱ የተዘጋ እንደሆነስ? ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በአንድ በኩል እናት «ዘንድሮም ቀረሽ?» ትላለች፤ በሌላ በኩል ይሉኝታ አለ፤ ጎረቤቱ «ከተማ ገብታ ረሳችን» ይላል። በዚህ ጭንቀት ተገፍተው «እንደምንም እደርሳለሁ» ብለው ከነልጆቻቸው ወጥተው በመንገድ ላይ ለቀናት የሚጉላሉ አሉ።

እኛ የምንለው ይህ ነው። የራስዎን ድካም ሊያስቡ ይችላሉ፤ የልጆችዎን ሕይወት ግን በይሉኝታ አይመዝኑት። መንገዱ ክፉ መሆኑ ከተነገረ ለበዓል ያሰቡትን ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ። በበዓሉ ማለዳ ይደውሉ፤ ልጆቹም አያታቸውን በየተራ ያናግሩ፤ ኽምጣኛ የሚሰሙ ከሆነም በዚያው ቋንቋ «እንኳን አደረሰዎ» ይበሉ። ጉዞውን ለጥምቀት ወይም ሰቆጣ በልጃገረዶች ጨዋታ ለምትደምቅበት ለነሐሴው ሻደይ ያስተላልፉት። ነሐሴ ክረምት ስለሆነ ግን የጭቃውን መንገድ ነገር ያስቡበት። ባለቤትዎም ከእርስዎ ጋር ሆነው ለወላጆችዎ በግልጽ ያስረዱ፤ የቀሩበትን ምክንያት መናገሩ ለሚስት ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም።

ለአያቶችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ከነልጆቿ በደኅና ቤቷ መዋሏን ከሰማችሁ «ለምን ቀረሽ» ከማለት በፊት «እንኳን ተጠነቀቅሽ» በሏት። ያ ቃል ለሚቀጥለው በዓል ያመጣታል።

መንገዱ ክፍት ሆኖ የምትጓዙ ደግሞ ትኬታችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ጋቢውን በእጅ ያዙ፤ ኦ.አር.ኤሱን አትርሱ። ስትደርሱም ሻንጣውን ከማውረዳችሁ በፊት ለሸኛችሁ ሰው ደውሉ።

መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ።